ስለ አስቴር ጋኖና ስለ ተረት ክብር

በተማረው ሰው መካከል «ተረት ጸሐፊ» የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው የዴንማርኩ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ወይም የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማች ስም ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ሰዎቹ ክብራቸውን በሥራቸው ያገኙ ናቸውና ማንም ቢያነሣቸው አናዝንም። የሚያሳዝነን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። «ከእኛ አገርስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲገኝ መልሱ ወይ ዝምታ ይሆናል፤ ወይም «እኛ ዘንድ ተረት የሚነገር እንጂ የሚጻፍ አይደለም፤ ተረት ጸሐፊ የሚባል ሰው አልነበረንም» ይባላል። ይህን መልስ ከመምህራንም ከሹማምንትም አፍ ሰምተነዋል። ዛሬ ብዕር ያነሣነውም ይህን መልስ ለመቃወም ነው።

ተረት ጸሐፊ ነበረን። ስማቸውም አስቴር ጋኖ ይባላል።

አስቴር ጋኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ገደማ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሲወለዱ ነጻ ነበሩ፤ ነገር ግን ገና ልጅ ሳሉ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ወድቀው ባሪያ ተደረጉ። በዚያ ዘመን ከጊቤ ማዶ ካሉት አገሮች እየተያዘ ወደ ባሕር ይነዳ የነበረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስሙ በመጽሐፍ የቀረለት ግን በጣት የሚቈጠር ነው። በ1886 አስቴርን ለሽያጭ ወደ ዓረብ አገር ይዛ ትሄድ የነበረችውን ጀልባ የኢጣልያ መርከቦች አግኝተው ያዟት፤ ልጅቱም ከባርነት ወጡ። ከዚያም ከምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተጠግተው ትምህርት ጀመሩ።

በዚያ ትምህርት ቤት ያገኟቸው ሰው አቶ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። የእርሳቸውም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በኢሉባቦር ተወልደው፥ ገና ልጅ ሳሉ ተሰርቀው፥ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠው በመጨረሻ በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጡ ናቸው። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበረ፤ ሂካ ማለት ተርጓሚ ማለት ነው፤ እንደ ስማቸውም ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ለመመለስ በተነሡ ጊዜ ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። ከእናታቸው እቅፍ በልጅነት የተነጠቀ ሰው ቋንቋውን ቢያውቅም ሙላቱን አያውቅም። የእርሻውን፥ የከብቱን፥ የቡናውን፥ የለቅሶውንና የሠርጉን ቃል ከሌላ ሰው አፍ መፈለግ ነበረባቸው። አስቴር ጋኖ በዕድሜ ልጅ ቢሆኑም የቋንቋው ጣዕም የገባቸው መሆኑን ያስተዋሉት አቶ ኦኔሲሞስ ናቸው። ስለዚህም ለአስቴር የተሰጣቸው የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ የአፋን ኦሮሞን ቃላት ሰብስቦ መዝገብ ማዘጋጀት ሆነ። በ1893 የታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም የታረመውና የጠራው በዚህ መዝገብ ረዳትነት ነው። ከዚያም አስቴር ከመጽሐፍ ቅዱስ የተውጣጡ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍ ወደ ቋንቋቸው መለሱ።

እኛ ግን እዚህ ልናነሣው የፈለግነው ሌላውን ሥራቸውን ነው። አስቴር ጋኖ አምስት መቶ ያህል ኦዱ ዱሪ፥ ሂቦ፥ ማማክሰና ዘፈን፥ ማለት ተረት፥ እንቆቅልሽ፥ ምሳሌያዊ አነጋገርና ግጥም፥ በጽሑፍ አኖሩ። ከዚህም ብዙው በ1894 በእምኩሉ በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት በታተመው «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የንባብ መጽሐፍ ገባ። የመጽሐፉ ስም በአማርኛ «የትምህርት መጀመሪያ» ማለት ነው። የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነው። መጽሐፉ በወጣ ጊዜ አስቴር ሃያውን ዓመት ጥቂት የዘለሉ ወጣት ነበሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት እንዲቆም እንለምነዋለን። እምኩሉ የምጽዋ በረሃ ናት። የእናት ምድጃ፥ የጎረቤት ባልቴት፥ ከብት ሲገባ ደጅ ላይ ተሰብስቦ የሚጫወት ልጅ እዚያ የለም። ተረት ለመሰብሰብ የሚወጣ ሰው በቅሎ ጭኖ፥ ወረቀት ይዞ ወደ ባላገር ይወርዳል፤ አስቴር ግን ወደ አገራቸው መውረድ አይችሉም ነበር። አገሩ በልባቸው ነው የነበረው። ነጋዴ ልብሳቸውን፥ ዘመዳቸውን፥ ምናልባትም የአባታቸውን ቤት መንገድ ሳይቀር ቀምቷቸዋል፤ ተረቱን ግን አልቀማቸውም። ይህ ሥራ ከምሁር ቤተ መጻሕፍት የወጣ ሳይሆን ከተዘረፈ ሰው የተረፈ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። «አስቴር ጋኖ ሰብሳቢ ናቸው እንጂ ደራሲ አይደሉም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ አንደርሰንንና ግሪሞችን አወዳድረው ነው፤ እኛም በዚያው ሚዛን እንመዝናለን።

ያዕቆብና ዊልሄልም ግሪም የተረት መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል በ1812፥ ሁለተኛውን በ1815 አሳተሙ። ከእነዚያ ተረቶች ውስጥ ከ30 የሚበልጡትን የነገረቻቸው ዶሮቴያ ፊማን የተባለች የልብስ ሰፊ ሚስት ናት። ይህች ሴት በካሰል ከተማ አጠገብ በምትገኝ መንደር ትኖር ነበር፤ የአትክልት ፍሬ ወደ ከተማ እያመጣች ትሸጥ ነበር። አባቷ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነበረው፤ መንገደኛ ሲያወራ እየሰማች አድጋለች ይባላል። በ1819 በወጣው ሁለተኛ እትም ውስጥ መልኳ ተስሎ ገባ፤ እርሷ ግን በ1815 ሞታ ነበር። መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በግሪሞች ስም ነው። ማንም «እነርሱ ሰብሳቢ ናቸው» ብሎ ከደራሲዎች ማኅበር አላስወጣቸውም። እንግዲህ አስተውሉ፤ በጀርመን አገር ተናጋሪዋ ሌላ፥ ጸሐፊው ሌላ ነበረ። በእምኩሉ ግን ተናጋሪዋም ጸሐፊዋም አንዲት ሴት ናት። ዶሮቴያ ፊማን ራሷ ብዕር ይዛ ብትቀመጥ ኖሮ የሚሆነው በእኛ ዘንድ ሆኗል። ይህም አነሰ ተብሎ ይነቀፋል!

ደግሞ ሌላ መመሳሰል አለ። ግሪሞች ተረት ብቻ አልሰበሰቡም፤ በ1838 የጀርመንን ቋንቋ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1854 ወጣ፤ ሥራው ግን በተከታዮቻቸው እጅ ተጠናቆ ያለቀው ከ100 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። ተረትንና መዝገበ ቃላትን አንድ ሰው የሚሠራቸው በአጋጣሚ አይደለም። የቃልን ትክክለኛ ቦታ የሚያውቅ ተረት የሚያውቅ ነው። አስቴር ጋኖም ሁለቱን ሥራዎች ሠርተዋል፤ ያውም ዩኒቨርሲቲና የመንግሥት ደመወዝ ሳይኖራቸው።

«እሺ፥ ግሪሞች ሰብሳቢዎች ይሁኑ፤ አንደርሰን ግን ከራሱ ፈጠረ» የሚል ይመጣል። አንደርሰን በ1805 በኦደንሴ ከጫማ ሰፊ አባትና ከልብስ አጣቢ እናት ተወለደ። አባቱ በ1816 ሞተ፤ ልጁም በ14 ዓመቱ በ1819 ብቻውን ወደ ኮፐንሃገን ሄደ። የመጀመሪያዋን ትንሽ የተረት መጽሐፍ ያሳተመው በ1835 ነው፤ በ1875 እስኪሞት ድረስም ከ150 የማያንሱ ተረቶች ጻፈ። ይህ ሰው ታላቅ ነው፤ እኛ አናሳንሰውም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ተረቶች ከየት አገኛቸው? በልጅነቱ ፈትል ከሚፈትሉ አሮጊቶች አፍ እንደ ሰማ ራሱ ጽፏል። «የንጉሡ አዲስ ልብስ» የተባለው፥ ዓለም ሁሉ የእርሱ ፈጠራ አድርጎ የሚያየው ተረት እንኳ፥ በ14ኛው መቶ ዓመት በእስፓንያ ከተጻፈ የዶን ኹዋን ማኑኤል መጽሐፍ የመጣ ነው፤ አንደርሰን በጀርመንኛ ተተርጕሞ አነበበው። የተገኘውን ተረት በራሱ ቋንቋ፥ በራሱ አገር ልጅ ጆሮ እንዲገባ አድርጎ መጻፉ ደራሲ አሰኘው። ታዲያ ይኸው ሥራ በዴንማርክ ድርሰት፥ በኦሮሞ አገር ጸሐፊነት ብቻ የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱን ለጠያቂዎቹ እንተወዋለን።

በዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ትዝ ይለናል። የግሪኩ ኤዞፕ ባሪያ ነበረ ይባላል። ዓረቦች የሚያከብሩት ጥበበኛው ሉቅማንም ከሐበሻ ወገን የሆነ ባሪያ ነበረ የሚል ትውፊት አለ። የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ ከጭጋግ አይወጣም፤ ሰው ግን ያምነዋል፥ ይወደዋልም። ባርነቷ፥ ነጻ የወጣችበት ዓመት፥ መጽሐፏ የታተመበት ከተማ ተለይቶ የታወቀው ሴት ግን በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ስሟ አይነሣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መጽሐፉ የሚሲዮን ነው» የሚል ነው። የሚሲዮን ማተሚያ ቤት ማተሙ እውነት ነው። ነገር ግን ማተሚያው የማንም ይሁን፥ ተረቱ የማን ነው? ጅብና ጦጣ የስዊድን አገር ዜጋ ሆነው አያውቁም። በዚህ ላይ መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ለሥራቸው ዋጋ ከፍለውበታል። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 በሙሉ ከታተመ በኋላ በ1904 አቶ ኦኔሲሞስና አስቴር ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ በነቀምቴም ማስተማር ጀመሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1906 አቶ ኦኔሲሞስ በካህናት ተከሰው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው፤ ፍርዱን የሻሩላቸው አፄ ምኒልክ ናቸው፤ ይሁን እንጂ እንዳይሰብኩ ታዘዙ። አቶ ኦኔሲሞስ በ1931 ዐረፉ። አስቴር ግን ብዙ ዘመን ኖሩ፤ የዐረፉት በ1964 ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ፤ በዚያም ላይ ከባሌ የተወለዱት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነገሩ። የአንዷ ዕድሜ ያለቀበትና የሌላው መስኮት የተከፈተበት ዓመት አንድ መሆኑን ማንም ያስተዋለ አይመስለንም። እንዲያውም ብዙ ሰው አስቴር ጋኖ የአያቱን ዘመን ሰው እንጂ የቴሌቪዥንን ዘመን የደረሱ አይመስሉትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቤታችን ከአዳማ የሚነሣው ነው። «አስቴር ጋኖ የምዕራብ ሰው ናቸው፤ የወለጋ ትዝታ ነው፤ ለአዳማ፥ ለሞጆ፥ ለመቂ፥ ለሻሸመኔ ልጅ ምኑ ነው?» ይላሉ። እኛ ይህን ጥያቄ በሰማን ቍጥር ፈገግ እንላለን። ኦደንሴ ለሞጆ ምኗ ነው? ካሰል ከመቂ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ክብሪት ሻጯ ልጅ በበረዶ ላይ ስትሞት፥ በረዶ አይቶ የማያውቀው የመተሐራ ልጅ ያለቅሳል፤ ማንም «ይህ የሰሜን አውሮፓ ነገር ነው» ብሎ መጽሐፉን አልነጠቀውም። የአገሩ ተረት ሲመጣ ግን የትውልድ ወረዳ ይጠየቃል።

ይሁን እንጂ ጥያቄው የያዘው አንድ እውነት ስላለ አናልፈውም። የስምጥ ሸለቆው ከተሞች ኑሮ ከወለጋ ኑሮ የተለየ ነው። በቢሾፍቱና በአዳማ ዙሪያ የሚነገረው የቱለማ አነጋገር ነው፤ ከመተሐራና ከፈንታሌ በኩል የከረዩ፥ ከባቱና ከአርሲ ነገሌ በኩል ደግሞ የአርሲ አነጋገር አለ። የአስቴር መጽሐፍ ቃላት ለእነዚህ ልጆች አልፎ አልፎ እንግዳ መሆናቸው አይቀርም። ደግሞ አዳማ ራሷ የምድር ባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ በገባበት በ1917 ዘመን አካባቢ ያደገች ከተማ ናት። በ1954 በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሲቋቋም ከከምባታ፥ ከሀድያና ከወላይታ ብዙ ሠራተኛ መጣ። ከሸንኮራው ማሳ የተመለሰ ሰው ማታ በሰፈሩ ተቀምጦ ለልጆቹ የሚነግረው ተረት ከየት እንደ መጣ ማን ይለየዋል? ጅቡ ከአንዱ ቋንቋ ገብቶ ከሌላው ይወጣል። ይህ ሀብት ነው። ነገር ግን እስካልተጻፈ ድረስ የሚቆየው ሽማግሌው በሕይወት እስካለ ብቻ ነው።

የከተማዪቱን ነገር ካነሣን አይቀር ዋናውን ጉዳይ እንናገር። አዳማ ሁለት ስም ያላት ከተማ ናት፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ2000 ደግሞ የቀድሞ ስሟ በሕግ ተመለሰላት። ዛሬም በገበያ ሁለቱም ስም ይሰማል። እንደዚሁም ትምህርቷ በሁለት ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ የሚያስተምር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምርም አለ። አፋን ኦሮሞ ከ1991 ጀምሮ በቁቤ፥ ማለት በላቲን ፊደል፥ ይጻፋል። ስለዚህ በአንድ ግቢ የሚያድሩ፥ በአንድ ሜዳ ኳስ የሚመቱ ሁለት ልጆች ጠዋት ሲሆን ወደ ሁለት ፊደል ይለያያሉ።

አሁን የአስቴር ጋኖን መጽሐፍ በእነዚህ በሁለቱ ልጆች ፊት እንክፈት። በአማርኛ የሚማረው ልጅ ፊደሉን ያውቀዋል፤ ሀ ሁ ሂ ነውና ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ የሚያነበው ምን እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይገባውም። በአፋን ኦሮሞ የሚማረው ልጅ ደግሞ ሲነበብለት ሁሉ ይገባዋል፤ ይሥቃል፤ ፊደሉን ግን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ገና አላየውም። አንደኛው ያለ ሁለተኛው መጽሐፉን ሊያነበው አይችልም። ይህን ያህል ሁለት ልጆችን በአንድ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ እናውቅ እንደ ሆነ ይነገረን። መቻቻልና አብሮ መኖር የሚባል ነገር በየስብሰባው ይነገራል፤ ትልቅ በጀትም ይመደብለታል። አንዲት የተሸጠች ልጅ ከ130 ዓመት በፊት ያዘጋጀችው መሣሪያ ግን በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል።

ይህን ስንል የፊደልን ክርክር እንደ ገና ለመቆስቆስ የፈለግን የሚመስለው ሰው እንዳይኖር። ቁቤ የተመረጠበት ምክንያት አለው፤ የአፋን ኦሮሞ አናባቢ ይረዝማል፥ ያጥራል፤ ተነባቢውም ይጠብቃል፥ ይላላል፤ የግእዝ ፊደል ይህን ሁሉ ለይቶ አያሳይም። ለአፋን ኦሮሞ ሲባል ከ«ደ» ላይ ምልክት ተጨምሮ «ዸ» የተበጀው የጐደለውን ለመሙላት ነበር። ዛሬ በቁቤ የሚማረውን ልጅ ወደ ኋላ ተመለስ የሚል የለም፤ እኛም አንልም። ነገር ግን ፊደል ሲለወጥ በቀድሞው ፊደል የተጻፈው አብሮ ይቀበር የሚል ሕግ የለም። ቱርኮች በ1928 ፊደላቸውን ለውጠዋል፤ በዓረብ ፊደል የተጻፈውን የቀድሞ ድርሰታቸውን ግን በአዲሱ ፊደል እየገለበጡ አሳትመዋል። የእኛ ሥራ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ የምንናገረው ስለ አንድ የንባብ መጽሐፍ ነው።

ስለ ተረት አቀራረብም አንድ ወቀሳ አለን። በትምህርት ቤት ተረት ከተነበበ በኋላ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ልጁም «ትጉህ መሆን እንዳለብን»፥ «ስስት መጥፎ መሆኑን» ብሎ ይጽፋል፤ ከአሥር አሥር ያገኛል። እንዲህ ያለው ትምህርት ተረቱን ገድሎ ቆዳውን መስቀል ነው። በአንደርሰን ተረት ውስጥ ንጉሡ ራቁቱን መሆኑ በሕፃን አፍ ከተገለጠ በኋላ ሰልፉ አይቆምም፤ ንጉሡም ደረቱን ነፍቶ መሄዱን ይቀጥላል። ደራሲው ስለዚህ ነገር ምክር አልጨመረም፤ ምክር ቢጨምር ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም ነበር። በአገራችንም በኦዳ ጥላ ሥር ለነገር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ምሳሌና ተረት ጣል አድርገው ያልፋሉ እንጂ ትርጕሙን አይዘረዝሩም። ትርጕሙን የሚያገኘው ነገሩ የነካው ሰው ነው። ተረት የልጆች ማባበያ ነው የሚሉ ሰዎች እዚያ ጥላ ሥር አንድ ቀን ተከሰው ቢቆሙ ኖሮ ሐሳባቸውን ይለውጡ ነበር።

የውጭ ሰዎች ይህን ሀብት ከእኛ ቀድመው አይተውታል። ኢጣልያዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የኦሮሞን የቃል ሥነ ጽሑፍ ሰብስቦ በ1922 በአሜሪካ በሃርቫርድ አሳተመ። ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድ በየክልሉ እየዞረች ተረት ሰብስባለች። ሁለቱንም እናመሰግናለን። ነገር ግን ከሁለቱም በፊት፥ ከቼሩሊ 28 ዓመት ቀድሞ፥ የገዛ አገሩን ተረት በገዛ ቋንቋው ጽፎ ያሳተመ ሰው ካለን፥ የመጀመሪያውን ቦታ ለእርሱ መስጠት ውለታ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የአስቴር ጋኖ ተረቶች በሦስት ረድፍ ይታተሙ፤ በአንደኛው በ1894 እንደ ነበረው በግእዝ ፊደል፥ በሁለተኛው በቁቤ፥ በሦስተኛው የአማርኛው ትርጕም። ከቱለማ፥ ከከረዩና ከአርሲ አነጋገር የሚለየው ቃል ከገጹ ግርጌ ይገለጥ፤ ይህን ለመሥራት በአዳማም በአካባቢውም ያሉት መምህራን የሚያንሱ አይደሉም። በመጽሐፉ ውስጥ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን» የሚል ጥያቄ አይግባ። ከበስተኋላው ጥቂት ባዶ ገጾች ይተዉ፤ ልጁ ከአያቱ ወይም ከጎረቤቱ የሰማውን ተረት በፈለገው ቋንቋ ይጻፍበት፤ በራስጌውም የነገረውን ሰው ስምና የተነገረበትን ሰፈር ያኑር። የወንጂ ሰፈር ባልቴት ስሟ በመጽሐፍ ላይ እንዲውል አንደርሰንን መጠበቅ የለባትም።

ይህን ሥራ የሚፈጽመው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ልንወስን አንችልም፤ የባህሉ ሥራ ነው የሚል ይኖራል፥ የትምህርቱ ነው የሚልም ይኖራል፤ እስኪለይ ድረስ ፋይሉ ከቢሮ ቢሮ እንዳይመላለስ ብቻ እንፈራለን። አስቀድሞ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ በወፍራም ልባስና በወርቅ ቀለም ተጊጦ ለእንግዳ ስጦታ የሚሆን ከሆነ ባይታተም ይሻላል። ቀጭን ይሁን፤ በቦርሳ የሚገባ ይሁን፤ በላዩ ላይ «አስቴር ጋኖ» የሚለው ስም በሁለቱም ፊደል ጎልቶ ይታይ፤ ዋጋውም ከአንድ ደብተር ዋጋ አይራቅ።